«እጅህን ሰብስብ»

ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ቀን፣ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ምግብ ቤት አዲስ የተቀጠረች ልጅ ድስት ከፍታ የረጋ ነጭ ነገር አየችና ክዳኑን ቶሎ መለሰችው። «ጋሼ፣ በጾም አይብ?» አለች። ይህን የሚጽፈው አብሳይ አይብ እንዳልሆነ፣ ወተት እንዳልነካው፣ የአኩሪ አተር ጭማቂ ረግቶ እንደሆነ ነገራት። ኮሪያዎች «ዱቡ» ይሉታል፣ ሌላው ዓለም «ቶፉ»። ልጅቷ ጥቂት አሰብ አደረገችና «እሺ፣ እንዴት ረጋ?» ብላ ጠየቀች።

የጾሙ ነገር በአንድ ቃል ያልቃል። የመርጋቱ ነገር ግን አብሳዩን ከአንድ የሙያ ወዳጁ ጋር ለዓመታት ሲያከራክረው ኖሯል።

ወዳጁ ጭማቂውን ለማርጋት ሆምጣጤ ባንዴ ይገለብጥበታል፣ በማማሰያ ያማስለዋል፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ድንጋይ ይጭንበታል። የሚወጣው በቢላ የሚቆረጥ፣ ዘይት ውስጥ ቢገባ የማይፈርስ ቶፉ ነው። በበረዶ ሣጥን ታሽጎ ከአዲስ አበባ ጋምቤላ ድረስ ቢጫን እንኳ ቅርጹን አይለቅም፤ «በላተኛ ልዩነቱን አያውቀውም» ይላል። አብሳዩ ይህን አልተቀበለም፣ አይቀበልምም። ለጥብስ ጠንካራው ይሁን። ነገር ግን ድንጋዩ ውሃውን ሲያወጣ ጣፋጩንም ይዞት ይወጣል። ቶፉ በተሠራበት ቤት፣ በተሠራበት ሰዓት፣ ትኩሱን በማንኪያ ካልተበላ ግማሹ ቀርቷል።

ይህን የተማረው አዲስ አበባ፣ በአንድ የኮሪያ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ሳይጨመቅ ለስልሶ የረጋው «ሱንዱቡ» በቀይ በርበሬ መረቅ ተሠርቶ፣ ጥቁር ሸክላ ድስት ውስጥ እየተንተከተከ ከእሳት በቀጥታ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። ጥሬ እንቁላል ይሰበርበታል፤ በድስቱ ግለት ብቻ ይበስላል። ዙሪያውን ኪምቺና ሌሎች ማባያዎች በትንንሽ ሳህን ይደረደራሉ። ጿሚ ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ እንቁላሉ ባይገባ እንኳ መረቁ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከደረቅ ዓሣ ነው። አብሳዩ በጾም ወራት መረቁን ከእንጉዳይና ከነጭ ሽንኩርት ያወጣል።

አዲስ አበባ የተማረው ሁሉ ግን ጋምቤላ አልሠራለትም። ባሮ ዳር፣ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ገደማ ላይ፣ መጋቢት ሲገባ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል። ደጋ ላይ ማታ ተነክሮ የሚያድረው አኩሪ አተር እዚህ ሌሊቱን ቦክቶ አረፋ ደፍቆ ይነጋል። አብሳዩ አንድ ሙሉ ወር ጠዋት ጠዋት የኮመጠጠ አተር ሲደፋ ከረመ። አሁን ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ ይነክራል፣ ውሃውን አንድ ጊዜ ይለውጣል፣ 3 ሰዓት ላይ ይፈጫል። የተፈጨው ሳይፈላ የፈላ መስሎ ይገነፍላል፤ በዚያ ተታሎ ያወረደው ሰው ጥሬ ጥሬ የሚል፣ ሆድ የሚነፋ ነገር ያገኛል። አረፋውን እየገፈፉ ዐሥር ደቂቃ ከልብ ማፍላት ያስፈልጋል። ከዚያ በንጹሕ ሻሽ ይጠለላል። ሻሹ ላይ የቀረው አሠር አይጣልም፤ በሽንኩርትና በበርበሬ ሲሠራ ጥሩ ወጥ ይወጣዋል።

አሁን ነው እንግዲህ እጅ የሚሰበሰበው። የተጠለለው እንደገና ሞቆ ይወርድና መንተክተኩ እስኪበርድ ይጠበቃል። በውሃ የቀጠነ ሎሚ በጭልፋ ሦስት ጊዜ፣ በየመሐሉ እየታገሡ፣ ከላይ ይፈስበታል። አንድ ጊዜ ብቻ ከሥር ወደ ላይ ቀስ ብሎ ይገለበጥና ይከደናል። ሩብ ሰዓት ማንም አይነካውም። ሲከፈት ነጩ እንደ ደመና ተሰብስቦ፣ ዙሪያው ቢጫ አጓት ጠርቶ ከታየ ደርሷል፤ ውሃው እንደ ወተት ነጥቶ ከቀረ ሎሚው አንሷል። በዚያች ሩብ ሰዓት ማማሰያ የሰደደ ሰው ደመናውን ይበትነዋል፣ የተበተነው ተመልሶ አይለሰልስም።

አብሳዩ ይህን ለልጅቷ ሲያስረዳ ያወጣው ቃል የእናቱ ነበር። እናቱ ጎሬ ላይ አሬራ ለስለስ ባለ እሳት ጥደው አይብ ሲያወጡ፣ ልጁ በእንጨት ሊነካካ ሲጠጋ «እጅህን ሰብስብ!» ይሉት ነበር። የኮሪያዋ አሠሪውም አዲስ አበባ ውስጥ በተሰባበረ አማርኛ የምትለው ይህንኑ ነበር።

ኮሪያ ውስጥ የዱቡ ስም የሚነሣባት መንደር ቾዳንግ ናት፤ በጋንግወን ግዛት፣ ጋንግኑንግ ከተማ ባሕር ዳር። እዚያ የሚያረጉት በባሕር ውሃ ነው። ባሕር በራቀበት ደግሞ እርጥብ የባሕር ጨው ከተቀመጠበት ጆንያ የሚንጠባጠበውን መራራ ውሃ ያጠራቅማሉ፤ የሚያረጋው በውስጡ ያለው ማግኒዥየም ነው። አብሳዩ ይህን ሲሰማ ያሰበው ወንድ አያቱን ነበር። እንግሊዞች በ1894 ዓ.ም. ስምምነት ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ካገኙ በኋላ፣ ክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡት መርከቦች ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር፤ ካወረዱት ሸቀጥ አንዱ ጨው ነው። አያቱ በበቅሎ ቡና ከጎሬ ያወርዱ፣ ጨው ይዘው ይወጡ ነበር።

አምና እናቱ በዚያው መንገድ፣ በመኪና፣ ሊጠይቁት ወረዱ። ትኩሱን ዱቡ በጨውና በሚጥሚጣ አቀረበላቸው። ሁለት ማንኪያ ቀምሰው «አሬራው የማን ቤት ነው?» አሉ። አኩሪ አተር መሆኑን ሲነግራቸው ሳህኑን አዙረው አዩት፣ ከዚያም ጨረሱት።

አኩሪ አተር ሩቅ አይደለም፤ ጅማ፣ ወለጋና ፓዊ ይመረታል። ቤቱ ሊሞክረው የፈለገ አንባቢ አንድ ኪሎ ይግዛ፣ ንጹሕ ሻሽና ሎሚ ያዘጋጅ። ሎሚውን ጨምሮ ድስቱን ከከደነ በኋላ ግን ማማሰያውን ከወጥ ቤት ያውጣው።