የማይዞረው ዑደት፦ የጀማሪ አኳሪየም መመሪያዎች ከጭሮ ሲነበቡ

ስለ ጨዋማ ውሃ አኳሪየም የተዘጋጁ የጀማሪ መመሪያዎችን አምስት ያህል ብታነቡ ስድስተኛውን ራሳችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። ታንኩን ሙሉ፣ ጨው በጥብጡ፣ ፓምፕና ማሞቂያ ሰኩ፣ ትንሽ አሞኒያ ጨምሩ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ጠብቁ፣ ከዚያ ዓሣ አስገቡ። ይህን የመጠበቂያ ጊዜ «ሳይክል ማድረግ» ይሉታል። ምክሩ በአብዛኛው ትክክል ነው፤ የብዙ ዓሣም ነፍስ አትርፏል። ግን መመሪያዎቹ የተጻፉት ባሕር አጠገብ ላለ፣ መብራት ለማይጠፋበት ሰው ነው። ጭሮ፣ ሂርና ወይም ገለምሶ ቁጭ ብሎ ለሚያነብ ተማሪ ሦስት ነገር ይጎድላቸዋል።

መጀመሪያ የሚገባቸውን እንስጣቸው። ዓሣ ከሰውነቱ የሚያስወጣው ቆሻሻ በዋናነት አሞኒያ ነው፤ አሞኒያ ደግሞ ለራሱ ለዓሣው መርዝ ነው። ከማይክሮቦች አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፣ ሌላው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። ናይትሬት ከሁለቱ በጣም የቀለለ ነው። ማይክሮቦቹ በድንጋይና በማጣሪያ ላይ እስኪራቡ ሳምንታት ስለሚፈጅ ዓሣ ለማስገባት አትቸኩሉ ይላሉ። እውነት ነው። በተለይ በጨዋማ ውሃ! የባሕር ውሃ ፒኤች 8.2 አካባቢ ስለሆነ፣ እኩል አሞኒያ ፒኤቹ 7 በሆነ ውሃ ውስጥ ካለው ይልቅ መርዛማው ክፍል ከአሥር ጊዜ በላይ ይበዛል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ቃሉ ራሱ ያሳስታል። በትምህርት ቤት የናይትሮጅን ዑደትን ስንማር ቀስቱ ከአየር ተነስቶ፣ በአፈርና በተክል አልፎ፣ ዞሮ ወደ አየር ይመለሳል። አኳሪየም ውስጥ ግን ቀስቱ ናይትሬት ላይ ሲደርስ ይቆማል። ቀዳዳ በበዛበት ድንጋይ ውስጥ፣ ኦክሲጅን በማይደርስበት ጥግ፣ ናይትሬትን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ የሚመልሱ ባክቴሪያዎች አሉ፤ አልጌም ጥቂቱን ይበላል። የቀረው ይከማቻል። ታዲያ ዑደቱን የሚዘጋው ማነው? ባልዲ ይዛችሁ ውሃ የምትቀይሩት እናንተ ናችሁ። መመሪያዎቹ የውሃ መቀየርን ነገር መጨረሻ ላይ፣ እንደ ጽዳት ሥራ ይጠቅሱታል። የዑደቱ ግማሽ መሆኑን አይናገሩም።

ሁለተኛ፣ ስለ ኦክሲጅን ቁጥር አይሰጡም። እስቲ እንደ መሐንዲስ እናስላ። አንድ ሚሊ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ናይትሬት እስኪሆን 4.57 ሚሊ ግራም ኦክሲጅን ይፈልጋል። ጭሮ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 80 በመቶ አካባቢ ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያለ የባሕር ውሃ በባሕር ዳርቻ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ፣ እዚህ 5.4 አካባቢ ብቻ ይይዛል። 100 ሊትር ታንክ ሲሆን 540 ሚሊ ግራም ማለት ነው። መመሪያው እንደሚለው በሊትር 2 ሚሊ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ብትጨምሩ ጠቅላላው 200 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ይህን ለመጨረስ 914 ሚሊ ግራም ኦክሲጅን ያስፈልጋል። ታንኩ በአንድ ጊዜ የያዘው ሁሉ አይበቃም! ልዩነቱ ቀን በቀን ከአየር መግባት አለበት፣ እሱን የሚያስገባው ደግሞ ፓምፑ ነው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ የሚቆመው የሚያምር አረፋ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ በመመሪያዎቹ «ካስፈለገ» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ነው፤ እዚህ ግን ከማሞቂያው በፊት የሚገዛ ነው።

ሦስተኛ፣ ጨው። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ስላለው ለ100 ሊትር 3.5 ኪሎ ያስፈልጋል። ሱቅ ሄዶ የገበታ ጨው መግዛት ያጓጓል፤ ከአፍዴራ የሚመጣ ጨው በየሱቁ አለ። ግን የገበታ ጨው ሶዲየምና ክሎራይድ ነው። የባሕር ውሃ በሊትር 1.3 ግራም ያህል ማግኒዚየም፣ 0.4 ግራም ካልሲየም፣ 2.7 ግራም ሰልፌትም አለው። ስለዚህ ለአኳሪየም የተዘጋጀው ጨው ከውጭ መምጣት አለበት፤ ያውም ውሃ በተቀየረ ቁጥር። አምስት ሊትር ሲተን ግን የሚሄደው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው አይተንም። የተነነውን የምትተኩት ጨው በሌለው ውሃ ነው፤ ጨዋማ ከጨመራችሁ ታንኩ እየመረረ ይሄዳል።

በነገራችን ላይ፣ ብዙዎቹ መመሪያዎች ሥራውን ሁሉ ለሁለት ባክቴሪያዎች ይሰጡታል። እ.ኤ.አ. በ2005 ግን ተመራማሪዎች በአሜሪካ ከሲያትል አኳሪየም፣ ከሞቃታማ ጨዋማ ታንክ፣ አሞኒያ የሚበላ አርኬያ ለይተው አሳደጉ፤ ናይትሮሶፑሚለስ ማሪቲመስ ይባላል። ባክቴሪያ እንኳ አይደለም። ከታንክ የተገኘ ትልቅ ሳይንስ ነው፤ መመሪያዎቹ ግን እስካሁን አያነሱትም።

ይህ ሁሉ ለዓሣ ነው ወይ? አይደለም። ማቆሚያ ያጣው ናይትሬት በከተሞቻችን ሥርም አለ። የሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ የገባው አሞኒያ አፈር ውስጥ እዚያው ታንክ ላይ ባየነው መንገድ ናይትሬት ይሆንና ከውሃ ጋር ይወርዳል። በጎረቤታችን ድሬዳዋ በከተማው ውስጥ ባሉ ጉድጓዶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 50 ሚሊ ግራም በላይ ናይትሬት አግኝተዋል። ብዙ ናይትሬት ያለበት ውሃ በተለይ በጡጦ ለሚመገቡ ከስድስት ወር በታች ሕፃናት አደገኛ ነው፣ ደማቸው ኦክሲጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ውሃ ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ናይትሬትን ግን አያጠፋም። እንዲያውም የታንኩን ጨው አስታውሱ፦ ውሃው ሲተን የቀረው ይበልጥ ይወፍራል።

ፍርዴ ይህ ነው። መመሪያዎቹ ለሆቢ ጥሩ፣ ለትምህርት ግን ጎዶሎ ናቸው። ጭሮ ውስጥ ያለ የሳይንስ ክበብ በጨዋማ ታንክ እንዲጀምር አልመክርም፤ ጨውና ዓሣው ከባሕር ማዶ ይመጣሉ፣ ስህተቱም ውድ ነው። ኬሚስትሪው በጨው አልባ ውሃም ያው ነው። አንድ ሰፊ ማሰሮ፣ ጠጠር፣ የአየር ፓምፕ፣ ቁንጥር የዓሣ ምግብ፣ ዓሣ ግን የለም፤ በየሦስት ቀኑ አሞኒያ፣ ናይትራይትና ናይትሬት ለኩና በግራፍ ሣሉ። ውሃው ክሎሪን ካለው በክዳን አልባ ዕቃ አንድ ሁለት ቀን አሳድሩት፣ አለዚያ ማይክሮቦቹን ይጎዳል። የሳምንቱን ቁጥር አትቁጠሩ፤ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሲሆኑ ያኔ አልቋል። ናይትሬቱ ግን ወደ ላይ እየወጣ እንደሚቀር ታያላችሁ። ከዚያ በዚያው መለኪያ የሰፈራችሁን ጉድጓድ ውሃ ለኩ።