«ያችን ነጯን ክኒን»

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን። አባባሉን የምናውቀውን ያህል ብንሠራበት ኖሮ ሐኪም ፊት እንዲህ ባልተደናገርን።

«ምን መድኃኒት ነው የሚወስዱት እማማ?»

«ያችን ነጯን ክኒን ነዋ ልጄ!»

የግፊት ትሁን፣ የስኳር፣ ወይስ የራስ ምታት ማስታገሻ፣ እግዜር ይወቅ። ሐኪሙም ይገምታል። በግምት የሚታዘዝ መድኃኒት ደግሞ ሲሳሳት ዋጋው ነፍስ ነው።

ነገሩ ሐይቅ ላይ ሲሆን ይበልጥ ይገርመኛል። አገሩ የመዝገብ አገር ነዋ! አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ምዕተ ዓመት ገዳም ያደረጉት ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ ያሉትን መጻሕፍት በዝርዝር መዝግቦ ያቆየ ነው። ሐይቅ ዋና ከተማው የሆነችለት የተሁለደሬ ወረዳም በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ነበር። ታዲያ የመድን ደብተሩን እንደ ውርስ ሰነድ ሣጥን ውስጥ የሚቆልፍ ቤተሰብ፣ የገዛ ሕመሙን ታሪክ ግን ለካርድ ክፍል ትቶታል።

ካርዱ የተቋሙ ነው። ከጤና ጣቢያ ወደ ደሴ ሪፈር የተባለ ሰው ይዞ የሚሄደው በጥድፊያ የተጻፈች አንዲት ወረቀት ነው። ማዘዣው ፋርማሲ ይቀራል፤ የላቦራቶሪ ውጤቱ ካርዱ ውስጥ ይቀራል። ለታማሚው የሚተርፈው የቀጠሮ ወረቀትና ባዶ ብልቃጥ ነው። እኔም በአንድ ሆስፒታል «ካርድዎ አልተገኘም፣ አዲስ ያውጡ» ተብዬ፣ የዓመታት ክትትሌ በአንዲት ቃል ሲሰረዝ አይቻለሁ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደቡብ ወሎ ሲገባ የደሴው ሆስፒታል ሳይቀር ተዘረፈ። ቤቱ ሲዘረፍ ካርዱ ይተርፋል ብሎ የሚምል ማን ነው? የተፈናቀለ የስኳር ታማሚ በማያውቀው ከተማ ሐኪም ፊት የሚቀርበው ያስታወሰውን ይዞ ብቻ ነው።

ለታማሚ የመድኃኒቱን ስምና መጠን በሚነበብ ፊደል ጽፎ መስጠት በጀት አይጠይቅም፤ ሁለት ደቂቃ ነው የሚወስደው። ጤና ተቋማቱ በዚህ ሊወቀሱ ይገባል።

የእኛም ጥፋት አለ። ሕመም እንደብቃለን። «ጎረቤት እንዳይሰማ» እያልን ከልጆቻችን ጭምር እንሰውራለን። ሰውየው ራሱን ስቶ ሲወድቅ፣ ባጃጅ ውስጥ የሚያስገባው ልጁ የአባቱን በሽታ ስም አያውቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው ለዚህ መሰለኝ።

መፍትሔው አንድ ደብተር ነው። ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ የቅርብ ዘመድ ስልክ። የቆየ ሕመምና የተደረገ ኦፕራሲዮን ከነዓመተ ምሕረቱ። የሚወሰደው መድኃኒት ስም፣ መጠንና ሰዓት፤ መጻፍ ካቃተ ፓኮውን ማስቀመጥ ነው። ከሁሉ በላይ የማይስማማ መድኃኒት። ብዙዎቻችን የደም ዓይነታችንን በኩራት እንናገራለን፤ እሱን ሆስፒታሉ ደም ከመስጠቱ በፊት ራሱ ይመረምረዋል። ፔኒሲሊን እንደማይስማማን ግን ካልነገርነው ከየት ያውቃል? የካርድ ቁጥርም አብሮ ይጻፍ። ራጁና የምርመራ ውጤቱ እርጥበት በማይደርስበት ፌስታል ይቀመጡ። ደብተሩ ያለበትን ቦታ ደግሞ ቢያንስ አንድ የምታምኑት ሰው ይወቅ።

የዕድርና የዕቁብ መዋጮ ሳንቲም ሳይጎድል የምንመዘግብ ሰዎች ነን። ዕድሩ የሚመዘግበው ለቀብራችን ነው። ከዚያ በፊት ላለው ዕድሜም አንድ ደብተር አይበዛበትም።