«ማን ነህ?»

የጃፓኑ ኪዮሺ ኩሮሳዋ እ.ኤ.አ. በ1997 የሠራውን «ኪዩር» (ፈውስ ማለት ነው) ሐያስያን ያወደሱት ምክንያቱን ሳይነግረን በዝግታ ስለሚያስፈራ ነው። ፍርሃቱ ግን ከዝግታው ይልቅ ከአንድ ጥያቄ የሚመነጭ ይመስለኛል። ማሚያ የተባለው ወጣት ያገኘውን ሁሉ «አንተ ማን ነህ?» ይላል፤ የተጠየቀው ቆይቶ አጠገቡ ያለውን ሰው ይገድላል።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ቡዳ በላው የተባለ በሽተኛ ሲለፈልፍ ዘመድ ጢስ እያጠነ የያዘውን «ማን ነህ? ከየት አገኘኸው?» ይለዋል። ስም ከተጠራ ሕመሙ ይለቃል ይባላል። (ስሙ የተጠራው ጎረቤት አበሳ ሌላ ነው!) እዚያ ጥያቄው ያስወጣል። ማሚያ የሚያናግረው ግን ባዕድ መንፈስ ሳይሆን ሰውዬው ራሱ የዋጠውን ቂም ነው፤ የሚያሳብብበት ስም የለውም። ኮጂ ያኩሾ በቶኪዮ ፌስቲቫል ምርጥ ተዋናይ መባሉ ሲያንሰው ነው፤ የታመመች ሚስቱን በሚያስታምመው መርማሪ ፊት ላይ ያ ቂም ቀስ እያለ ሲፈላ ይታያል። በመጨረሻው ትዕይንት የምግብ ቤቷ አስተናጋጅ ቢላዋ ስታነሳ፣ ማሚያ ከሞተ ቆይቷል።