«ፍሬን ያዘ» በቴክኒክ ትርጉም ውስጥ

ለዚህ ማስታወሻ መነሻ የሆነው አስተያየት እንድሰጥበት የቀረበልኝ አንድ የፒክ አፕ ጥገና መመሪያ የትርጉም ረቂቅ ነው። በረቂቁ ውስጥ «የፊት ፍሬን ሲቆለፍ» የሚል ርእስ ይገኛል፤ ከሥሩ የተዘረዘሩት ምልክቶች ግን የሁለት ልዩ ልዩ ብልሽቶች ናቸው። በእርግጥ ተርጓሚው ከምንጩ አልራቀም። የእንግሊዝኛው «ሎክ አፕ» ራሱ በባለመኪናዎች አነጋገር ሁለቱንም ይጠቀልላልና። ሆኖም እንዲህ ያለው ታማኝነት ለአንባቢው አይበጅም።

ከኩታበር ተነሥቶ ደሴን ካለፈ በኋላ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሾፌር እናስብ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ብቻ መንገዱ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ሾፌሩ በዝናብ በራሰ አስፋልት ላይ ፔዳሉን በኃይል ቢረግጥና የፊት ጎማዎቹ መዞር አቁመው ቢንሸራተቱ፣ መኪናው ለመሪው አይታዘዝም፤ መድኃኒቱም ጎማው እንደገና እስኪዞር ድረስ እግርን ማላላት ነው። በሌላ ጊዜ ደግሞ እግሩን ከፔዳሉ ካነሣ በኋላ ሸራው ከዲስኩ አልላቀቅ ይላል፤ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፣ ከጎማው ዘንድ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። «ፍሬኑ ከያዘ እግርዎን ያላሉ» የሚለው የረቂቁ ትእዛዝ ለመጀመሪያው ሁኔታ ተገቢ ሲሆን ለሁለተኛው ከንቱ ነው፤ እግሩ ቀድሞ ተነሥቷልና። ይህ ሾፌር መቆምና ፍሬኑን ማቀዝቀዝ ይገባው ነበር። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ ውሃ ከሳበ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን 140 ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ ፔዳሉም ወለል ይነካል። እንግዲህ ከጥቂት ኩርባ በፊት «ያዘ» የተባለው ፍሬን አሁን «በጠሰ» ይባላል።

የጋራዥ አማርኛ ከረቂቁ ይልቅ ጠንቃቃ ነው። «ሾፌሩ ፍሬን ያዘ» ቢል ድርጊትን ይናገራል፤ «ፍሬኑ ይይዛል» ቢል ያመሰግናል፤ ብልሽት ሲሆን ግን «ይዞ ቀረ» ወይም «አልለቅ አለ» ይላል። «ቀረ» የተባለው ረዳት ግሥ ማለፍ የሚገባው ሁኔታ ሳያልፍ መቆየቱን ያመለክታል። ይህን የመሰለ መሣሪያ እያለን «ተቆለፈ»ን ከውጭ ማምጣት ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም። ከሁሉ የሚያስቀው ኤ.ቢ.ኤስ. የሚባለው «ፍሬን እንዳይዝ የሚያደርግ ሥርዓት» ተብሎ መተርጎሙ ነው። ፍሬኑ እንዳይዝ ተደርጎ የተሠራ መኪና ማን ይገዛል?

ስለዚህ ተርጓሚው ቃል ከመምረጡ በፊት እንደ መካኒክ መመርመር አለበት። መካኒኩ የፊቱን ጎማ በክሪክ ያነሣል፤ ፔዳሉ ተረግጦ ከተለቀቀ በኋላ ጎማውን በእጁ ያዞራል። አልዞር ካለ የአየር ማስወጫዋን ብሎን ይፈታል። ዘይቱ ፈንጥቆ ጎማው ከተለቀቀ፣ ግፊቱ ከበላይ ታግቶ ነበር ማለት ነው፦ አንድ ጎማ ብቻ ከሆነ ተጣጣፊው ቱቦ ከውስጥ አብጦ ዘይቱን እንዳይመለስ ከልክሎታል፤ ሁለቱም ከሆኑ የዋናው ፖምፓ የመመለሻ ቀዳዳ ይጠረጠራል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ከፔዳሉ የሚመጣው ዘንግ ክፍተት አጥቶ ፒስተኑን ገፍቶ ሲይዘው ይደርሳል። ብሎኗ ተፈትታም ጎማው ካልተለቀቀ ፒስተኑ ዝጓል፣ ወይም የመንሸራተቻ ዘንጎቹ ደርቀዋል። በክሪክ ላይ በነጻነት የሚዞር ጎማ መንገድ ላይ የሚቆም ከሆነ ግን ዐይን ወደ ኋላ መዞር አለበት። የኋላው ታምቡር ሸራ ከመጠን በላይ ከራቀ፣ ወይም በጭነቱ ልክ የኋላውን ግፊት የሚመጥነው ቫልቭ ከተጣበቀ፣ የፊቱ ፍሬን ሥራውን ብቻውን ይሸከምና ጎማው ቶሎ ይቆማል። የስያሜ ጥናትን በ1931 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ የመሠረተው ኦስትሪያዊው ኦይገን ቩስተር በሙያው መሐንዲስ እንደ ነበረ ማስታወስ እዚህ ላይ ያለ ቦታው አይመስለኝም።

«ፍሬን»ን ራሱን በ«ልጓም» ለመተካት የሚሹ ይኖራሉ። አያስፈልግም። ከጣልያንኛው «ፍሬኖ» በስተጀርባ ያለው የላቲን ቃል ፍቹ ልጓም ነው፤ ፈረሱ አስቀድሞ በቃሉ ውስጥ አለ። «በጠሰ» የሚለውም ግሥ ገመዱን ከበጠሰ ከብት ጋር የሚስማማ ነው።

ለረቂቁ የማቀርበው አስተያየት እንደሚከተለው ነው። «መያዝ» ለሾፌሩ ድርጊት ይተው፤ ሸራው ከዲስኩ የማይላቀቅበት ብልሽት «የፍሬን አለመልቀቅ»፣ ጎማው ቆሞ የሚንሸራተትበት «የጎማ ቀጥ ማለት» ይባል፤ ኤ.ቢ.ኤስ.ም «ጎማ ቀጥ እንዳይል የሚከላከል ሥርዓት» ተብሎ ይታረም። «መቆለፍ» ለበርና ለመሪ ይበቃል። ርእሱም ለሁለት ይከፈል፤ «እግርዎን ያላሉ» የሚለው ትእዛዝ በሁለተኛው ሥር ብቻ ይጻፍ።