እንደ ንጉሡ አጎንብሱ

እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ቦሌ አንድ ካፌ ውስጥ ከወዳጆቼ ጋር ማኪያቶ እየጠጣን ነው። በየጠረጴዛው ወሬው አንድ ብቻ፤ ቢግ ብራዘር አፍሪካ የገባችው የኛዋ ልጅ። «አዋረደችን!» ይላል አንዱ፤ ሌላው ይቀበለዋል።

ጨዋታው እንዲህ ነበር። ከ14 አገሮች የመጡ 28 ሰዎች በሁለት ቤት ተከፍለው ይገባሉ። እስከ 91ኛው ቀን ቆይቶ ያሸነፈ 300 ሺህ ዶላር ይወስዳል፤ ያን ዓመት ናሚቢያዊቷ ዲሊሽ ማቲውስ ወሰደችው። እንዲባረር የሚጠቆመውን የሚመርጡት የቤቱ ሰዎች ናቸው፤ የሚያተርፈው ግን የተመልካች ድምፅ ነው። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። የቤቱ ሰው የማያሰጋውን ዝምተኛ ይወዳል፤ ተመልካቹ ደግሞ ዝምተኛውን ይረሳዋል። ስለዚህ ተጫዋቹ እንደየሁኔታው ፀባዩን መለዋወጥ፣ ለሁለት ንጉሥ ማጎንበስ አለበት።

ለኛዋ ሦስተኛ ንጉሥ ተጨመረባት፤ እኛ። የፈለግነው ተጫዋች ሳይሆን አምባሳደር ነበር። ፕሮግራሙ የሰውን ገመና እየቸረቸረ የሚያተርፍ ነበርና ወቀሳ አይበዛበትም ነበር። እኛ ግን ያለ ትርፍ ነው ልጅቷን የዘለፍናት።

እኔስ? «ጨዋታውን እንጂ ልጅቷን አትውቀሱ» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጠረጴዛው ሁሉ ሲስቅ አብሬ ሳቅሁ። ስንት ዓመት ስለ ገጸ ባሕርይ ያስተማርሁ ሰውዬ፣ ከማኪያቶ ማኅበር እንዳልባረር አጎነበስሁ። ደግነቱ፣ እኔን የሚቀርጽ ካሜራ አልነበረም።