ቤት የመታ ተረት ዳኛ አይሆንም

አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ የምንመረምረው ጽሑፍ በማተሚያ ቤት ያለፈ መጽሐፍ አይደለም። በእንጅባራና በዳንግላ፣ እንደ ሌላውም የአገራችን ከተማ ሁሉ፣ በየሰው እጅ ባለ ስልክ የሚነበብ ነው። ይኸውም ሴት ለሹመት በተጠራች ጊዜ በፌስቡክና በቴሌግራም ከፎቶግራፏ ሥር የሚጻፈው አስተያየት ነው። ቃሉ ጥቂት ቢሆንም አንባቢው ብዙ ነውና እንደ ማናቸውም ድርሰት ሊመዘን ይገባዋል።

በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ከሚጠቀሱት አንዱ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት ነው። ቤት ስለሚመታ ለጆሮ ይጥማል፤ ጆሮም ሲረካ ልቡና ምስክር ሳይጠይቅ ያልፋል። ዳሩ ግን ታሪክ አይመሰክርለትም። በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ ምሽግ የነበረው ጠላት ከውሃው ምንጭ እንዲለይ የመከሩት እቴጌ ጣይቱ ነበሩ፤ ያ ዕውቀት በወንድ ያለቀ ሳይሆን ብዙ ወንድ ከሞት ያተረፈ ነበር። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱም ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. በዙፋን ተቀምጠዋል።

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከ20ው ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች ሆኑ። በዚያው ወር ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ርእሰ ብሔር፣ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ተባሉ። ቀድሞ በመልክተኛና በገበያተኛ አፍ ይመጣ የነበረ ወሬ በስልክ ወዲያው አገው ምድር የሚደርስበት ዘመን ነውና፣ ተማሪዪቱ ሴት ለሹመት ስትምል በዓይኗ ለማየት ችላለች። ይህ የስልክ ምስጋናው ነው። ነቀፋው ደግሞ የተሳዳቢውን ፊት መሸፈኑ ነው። በሸንጎ የሚናገር ሰው ቆሞ፣ ስሙ ታውቆ፣ ለቃሉ ኃላፊ ሆኖ ነው፤ በስልክ የሚጽፈው ግን ስሙን ለውጦ ይሰወራል። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በጾታ ምክንያት የሚነገረውን የጥላቻ ንግግር ቢከለክልም፣ ሕግ ሽሙጡን ሁሉ ሊደርስበት አይችልም። ስለዚህ የአንባቢ ማስተዋል ያስፈልጋል።

መመዘኛውም ቀላል ነው፤ በሴቲቱ ስም ፋንታ የወንድ ስም ማግባት ነው። «ግብር አበዛች፤ መንገድ አልሠራችም» የሚለው ለወንድ ሹምም ይስማማልና ትችት ነው፤ ተሿሚዋም ልትመልስለት ግድ ነው፤ ሴት በመሆኗ ከነቀፋ አትከለልም። ስለ ቀሚሷና ስለ ትዳሯ የተጻፈው ግን ለወንድ ሲነገር መሳቂያ ይሆናል፤ እንግዲያስ ከመጀመሪያው ስድብ እንጂ ትችት አልነበረም።

የተማረ ሰው ይህን ሳይመዝን የደረሰውን ጽሑፍ ለወዳጁ አይላክ። ስድቡን የጻፈው አንድ ሰው ነው፤ አገር የሚያዳርሰው ግን እየሳቀ የሚያስተላልፈው ብዙ ሰው ነውና።