ባልቲዎችና የ«ታሪኸ ረሺዲ» ብያኔ፦ አጭር ሂስ

ሚርዛ ሐይደር ዱግላት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፋርስኛ የጻፈው «ታሪኸ ረሺዲ» ለካሽሚርና ለአጎራባች ተራራማ አገሮች ታሪክ ታላቅ ምንጭ ነው። ጸሐፊው እ.ኤ.አ. በ1532 ወደ ላዳክ ዘምቷል፤ ከ1540 ጀምሮም ካሽሚርን ገዝቷል። ይሁንና በኑርበኽሺያ ጠሪቃ ላይ የሰጠው ብያኔ ያለ ማጣራት ወደ ባልቲስታን ሕዝብ ሲሻገር እናያለን። ሂሳችን በዚህ ላይ ነው።

ባልቲዎች በፓኪስታን በስካርዱ፣ በሺገርና በኸፕሉ፣ በሕንድም በኩል በቱርቱክና በካርጊል አካባቢ ይኖራሉ። ቋንቋቸው ከቲቤት ቋንቋዎች ወገን ሲሆን የጥንቱን አነጋገር ከላሳው ይበልጥ ጠብቋል። በጥንታዊው ጽሕፈት «ግሱም» ተብሎ የሚጻፈውን «ሦስት» የተባለውን ቁጥር የላሳ ሰዎች «ሱም» ሲሉት፣ ባልቲዎች የመነሻውን ድምፅ ሳይጥሉ «ኽሱም» ይሉታል። ይህም በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አገሩን የያዘው የቲቤት መንግሥት አሻራ ነው። ሆኖም ቋንቋ የዘር ሐረግ አይደለም፤ ቀድሞ በስፍራው የነበሩ የዳርድ ወገኖችም ቋንቋውን ይዘው ከሕዝቡ ጋር ተዋሕደዋል። የእምነት ሚዛንም አይደለም። ቋንቋቸው የቡድሃ ተከታዮች ቋንቋ ስለሆነ እስልምናቸው ላይ ላዩን ነው የሚል ሰው፣ ሱረቱ አር-ሩም (30፡22) የቋንቋዎችን መለያየት ከአላህ ምልክቶች መቁጠሩን ዘንግቷል።

የአገሬው ትውፊት እስልምናን ያመጡት ሰይድ ዐሊ ሀመዳኒ (በ1385 የሞቱት) ናቸው ይላል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ደግሞ ሸምሱዲን ዒራቂ የኑርበኽሺያን ትምህርት በዚያ አስፋፉ። ሚርዛ ሐይደር የጠሪቃውን መሥራች የሰይድ ሙሐመድ ኑርበኽሽን «አል-ፊቅህ አል-አሕወጥ» ለሂንዱስታን ዑለማ ልኮ አስወገዘ፤ ከዚያም የካሽሚር ተከታዮቹን በኃይል አሳደደ።

በዚህ ምስክርነት ሦስት ጉድለቶች እናያለን። አንደኛ፣ ከሳሹና ሰይፍ የያዘው አንድ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ የተመረመረው መጽሐፍ እንጂ የሕዝቡ አምልኮ አይደለም። ሦስተኛ፣ ነገሩ የካሽሚር እንጂ የባልቲስታን አልነበረም። ዛሬም አብዛኞቹ ባልቲዎች የአሥራ ሁለቱ ኢማሞች ሺዓ ናቸው፤ ኑርበኽሺዎች በተለይ በኸፕሉ አካባቢ ይገኛሉ፤ ሱንኒዎችም አሉ። አንድ ብያኔ ሁሉንም ሊሸፍን አይችልም።

ይህን ስንል የመዝሀብ ልዩነቱን እናቃልላለን ማለት አይደለም። ነገር ግን ቃዲ አንዱን ተሟጋች ብቻ ሰምቶ አይፈርድም። «አል-ፊቅህ አል-አሕወጥ» ዛሬም በባልቲስታን ይነበባል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ተሟጋች ሊደመጥ ይችላል። መምህራን «ታሪኸ ረሺዲ»ን ሲያስተምሩ ጠቡን ለማወቅ ያንብቡት፤ ሕዝቡን ለማወቅ ግን ሕዝቡን ይጠይቁ። ወላሁ አዕለም።